የሆኪ ቡድን ማንነት ጌጥ አይደለም፣ የግዢ ዝርዝር ነው፦ «መጀመሪያ ኮከብ፣ ማንነት በኋላ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ቡድኖች እንዴት እንደሚዋቀሩ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ምክሩ አጭር ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀመጥ፤ በድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) የመጀመሪያዎቹን ወጣቶች ውሰድ፤ የደመወዝ ጣሪያውን (አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ ሊመድብ የሚችለውን ከፍተኛ ገንዘብ) ግማሽ ለአራት ኮከቦች ስጥ፤ የቀረውን ቦታ በርካሽ ሙላ፤ ጥቂት ተጋፊ ተጫዋቾች ጨምርና «ጠንካራ ቡድን» ተባል፤ ውል ከከፋህ በገንዘብ አፍርስ፤ የዝውውር ጊዜው ሊዘጋ ሲል ትልቅ ስም ግዛ። የቡድን ማንነት የሚባለው ነገር ደግሞ፣ እንደ ጸሐፊው፣ ዋንጫው ሲመጣ ተከትሎ የሚመጣ ጌጥ ነው።

አጻጻፉ ይስባል፤ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎችም ጥቂቶቹ ልክ ናቸው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከሊጉ ደንብና ከውጤቱ ጋር ሲያስተያዩአቸው ግን አብዛኞቹ አይቆሙም። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ማንነት ቀድሞ የሚጻፍ የግዢ ዝርዝር ነው። እንዴት እንደሚጫወት አስቀድሞ የወሰነ ቡድን ሌሎች ዋጋ ያልሰጡትን ተጫዋች ያያል። ያልወሰነው ሁሉም የሚያየውን ተጫዋች ሁሉም በሚከፍለው ዋጋ ይገዛል። 32ቱም ቡድኖች በአንድ የደመወዝ ጣሪያ በታሰሩበት ሊግ ደግሞ ብልጫ የሚገኝበት ሌላ ቦታ እምብዛም የለም።

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። 2024-25 ስንል በ2024 ተጀምሮ በ2025 ያለቀውን የውድድር ዘመን ማለታችን ነው።)

«መጨረሻ የወጣ አንደኛ ይመርጣል»

ጸሐፊው ይህን እንደ ተራ እውነት ያልፈዋል። የድራፍቱ ቅደም ተከተል ግን የሚወጣው በዕጣ ነው። መጨረሻ የወጣው ቡድን አንደኛ የመምረጥ ዕድሉ 25.5 በመቶ ነው፤ ዕጣው ከከዳው እስከ ሦስተኛ ሊወርድ ይችላል። በ2023 ግርጌ ላይ የነበረው አናሃይም ነው፤ ኮኖር ቤዳርድን የወሰደው ግን ቺካጎ። በ2025 ግርጌ ላይ የነበረው ሳን ሆዜ ነው፤ ከአሥረኛ ተነሥቶ አንደኛ የመረጠው ግን ኒው ዮርክ አይላንደርስ። በዚያ ላይ አንድ ቡድን በአምስት ዓመት ውስጥ በዕጣ ወደ ላይ መውጣት የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የሦስት ዓመት ዕቅድ የሚያቆም ሥራ አስኪያጅ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል።

ዕጣውስ ቢሳካ? ኤድመንተን በ2010፣ በ2011 እና በ2012 በተከታታይ አንደኛ መርጧል፤ ቴይለር ሆል፣ ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስ፣ ናይል ያኩፖቭ። በ2015 ለአራተኛ ጊዜ ደረሰውና ኮኖር ማክዴቪድን አገኘ። ይህ ሁሉ እየሆነ ከ2006-07 እስከ 2015-16 አሥር ዘመን ሙሉ ፕሌይኦፍ (ዋንጫው የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) አልገባም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱም አጥቂዎች ናቸው፤ ከራሱ በር አካባቢ ፓኩን (በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ተረጋግቶ አውጥቶ የሚያቀብላቸው ተከላካይ አልነበረም። ወጣት ተከላካይ ደግሞ ለመብሰል ከአጥቂ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስህተቱ በቀጥታ ጎል ስለሚሆን አሠልጣኙ ቶሎ አያምነውም። በመጨረሻ በ2016 ሆልን ለኒው ጀርሲ ሰጥተው በምትኩ አዳም ላርሰን የሚባል ተከላካይ ብቻ ተቀበሉ። ሆል በ2018 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ልውውጡ ሚዛናዊ ነበር የሚል ሰው ያን ጊዜም ብዙ አልነበረም፤ የተከላካይ ጉድጓዱ ለዓመታት ሳይሞላ ስለቆየ ግን ኤድመንተን የሚደራደርበት አቅም አልነበረውም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው የውል አቆጣጠር አለ። ከ18 እስከ 21 ዓመቱ የሚፈርም ወጣት የመጀመሪያ ውሉ ሦስት ዓመት ነው፤ መነሻ ደመወዙም 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ላይ ተገድቧል። እነዚህ ሦስት ርካሽ ዓመታት የአንድ ቡድን ትልቁ ሀብት ናቸው። የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ በዘመኑ ከ10 ጨዋታ በታች ከተጫወተ ውሉ አንድ ዓመት ወደፊት ይገፋል፤ ርካሹ ዓመት አይባክንም። ቡድኖች ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ ሲደርሱ ቁጭ ብለው የሚመክሩት ለዚህ ነው። መጨረሻ ለመውጣት ያቀደ ቡድን ግን ቲኬት መሸጥ ስላለበት ልጆቹን በ18 ዓመታቸው ያሰልፋቸዋል። ርካሾቹን ዓመታት በሽንፈት ይጨርሳል፤ ቡድኑ ሊነሣ ሲል የሁሉም ሁለተኛ ውል በአንድ ክረምት ይመጣበታል።

ቡፋሎን ማንሳት ግድ ነው። በ2014 ሁለተኛ መርጦ ሳም ራይንሃርትን፣ በ2015 ሁለተኛ መርጦ ጃክ አይክልን፣ በ2018 እና በ2021 አንደኛ መርጦ ራስሙስ ዳሊንንና ኦወን ፓወርን አገኘ። ከ2011-12 እስከ 2024-25 ግን 14 ዘመን በተከታታይ ፕሌይኦፍ አላየም። ከቡፋሎ የወጡትን እንቁጠር፤ ራያን ኦራይሊ በ2018 ሄዶ በ2019 ከሴንት ሉዊስ ጋር ዋንጫ አነሳ፤ አይክል በ2023 ከቬጋስ ጋር፤ ብራንደን ሞንቱር በ2024 ከፍሎሪዳ ጋር፤ ራይንሃርት በ2024 እና በ2025፣ እሱም ከፍሎሪዳ ጋር። ቡፋሎ ተጫዋች መለየት አላቃተውም። ያቃተው ተጫዋቹን የት እንደሚያቆመው ማወቅ ነው። ማንነት ኮከብን ተከትሎ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እዚያ መምጣት ነበረበት።

የታምፓ ቤይ ምሳሌ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ የተጠቀሰው ግን ግማሹ ነው። ስቲቨን ስታምኮስ በ2008 አንደኛ፣ ቪክተር ሄድማን በ2009 ሁለተኛ መመረጣቸው እውነት ነው። ኒኪታ ኩቸሮቭ ግን 58ኛ፣ ብሬይደን ፖይንት 79ኛ፣ ኦንድሬ ፓላት 208ኛ ነበሩ፤ ያኒ ጉርድንና ታይለር ጆንሰንን በድራፍት የመረጣቸው አልነበረም። ብዙዎቹ ቁመታቸው አጭር ነው ተብሎ የታለፉ፣ በጠባብ ቦታ ፈጥነው የሚያስቡ ልጆች ናቸው። ታምፓ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ሆን ብሎ ይፈልግ ነበር፤ ከፈለገ በኋላም በታችኛው ሊግ በኤኤችኤል ያሳድግ ነበር። አሠልጣኙ ጆን ኩፐር ራሱ በ2012 የታምፓን የታችኛውን ቡድን ኖርፎክን ይዞ 28 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫ ያነሳ ነው፤ ፓላትና ጆንሰን እዚያ አብረውት ነበሩ። በ2013 ወደ ላይ ሲያድግ የሚያሰለጥነውን ልጅ ከእነ ልማዱ ያውቀዋል።

«አራት ኮከብ ያዝ፣ ቀሪው ራሱን ይሞላል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሆኪን በእግር ኳስ ዓይን ያየው ይመስለናል። በእግር ኳስ ኮከቡ 90 ደቂቃ ሜዳ ላይ ነው። የሆኪ ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው፤ አጥቂ አንዴ ሲገባ የሚቆየው ግን ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፈ እግሩ ይዝላል፣ ተጋጣሚው ያረፉ ሰዎች ያስገባበታል፣ ጎልም ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በዚያች ቅጽበት ነው። ማክዴቪድን የመሰለ ተጫዋች እንኳ በጨዋታ በአማካይ 22 ደቂቃ ገደማ ነው የሚጫወተው። በቀሩት 38 ደቂቃዎች በረዶው ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው።

ለጨዋታ የሚለብሱት 20 ናቸው፤ 2 በረኞች፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 አጥቂዎችና 6 ተከላካዮች። አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው አራት «መስመር» ይሠራሉ፤ ተከላካዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ። አንደኛው መስመር 19 ወይም 20 ደቂቃ ያገኛል፤ ሦስተኛው ከ13 እስከ 15፤ አራተኛው 10 ገደማ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲደመሩ ከጨዋታው 40 በመቶ ያህል ነው። ጽሑፉ «ቀሪው» ብሎ በአንድ ቃል ያለፈው ይህን ነው።

አሁን ገንዘቡን እናስላ። በ2019-20 የደመወዝ ጣሪያው 81.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቶሮንቶ ለኦስተን ማቲውስ፣ ለጆን ታቫሬስ፣ ለሚች ማርነርና ለዊሊያም ኒላንደር ብቻ 40.5 ሚሊዮን ያህል መደበ። አራቱም አጥቂዎች ናቸው። ዝርዝሩ ላይ 23 ሰው ይያዛል ብንል ለቀሩት 19 የሚደርሰው በአማካይ 2.2 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም፤ በረኛውም፣ ስድስቱም ተከላካዮች ከዚያው ነው የሚከፈሉት። ለፍትሕ ያህል፣ ኮቪድ መጥቶ ጣሪያው ለዓመታት ባለበት ይቆማል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ዕድገት ተጠብቆ የተፈረመ ውል ነው። ውጤቱ ግን ይታወቃል፤ ከ2017 እስከ 2024 በነበሩት ስምንት ዘመኖች ቶሮንቶ ያሸነፈው የፕሌይኦፍ ዙር አንድ ብቻ ነው፣ በ2023።

ጣሪያው አሁን እየጨመረ ነው፤ በ2025-26 95.5 ሚሊዮን፣ በ2026-27 104 ሚሊዮን ዶላር። ስለዚህ ችግሩ ይቀላል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። የኮከቡ ዋጋም አብሮ እየወጣ ነው እንላለን፤ ኪሪል ካፕሪዞቭ ከሚኒሶታ ጋር የፈረመው ለ8 ዓመት በዓመት 17 ሚሊዮን ነው። ማክዴቪድ በአንጻሩ ለሁለት ዓመት በነበረበት 12.5 ሚሊዮን ፈረመ። ከገበያው በታች መፈረሙ ለቡድኑ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የሚቆሙት ሰዎች ከየት እንደሚከፈሉ ስለሚያውቅ ነው።

በ2 ሚሊዮን ዶላር ምን ይገኛል? ወይ የመጀመሪያ ውሉን ያልጨረሰ ወጣት፣ ወይ ጉልበቱ ያለቀ አንጋፋ፣ ወይ ሌላው ያላየው ሰው። ሁለቱን ማንም ያገኛል። ሦስተኛውን ማግኘት ነው ሥራው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ የምትፈልገውን በትክክል ማወቅ አለብህ።

ፍሎሪዳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጸሐፊው የፍሎሪዳን ዋንጫዎች ማቲው ታቻክን በማምጣቷ ብቻ ያስረዳል። የመጀመሪያው ጥንድ ተከላካይ ጉስታቭ ፎርስሊንግ እንዴት እንደመጣ ግን አይነግረንም። በጃንዋሪ 2021 ካሮላይና ወደ ታችኛው ሊግ ሊያወርደው ዌቨር ላይ አወጣው። ዌቨር ማለት ተጫዋቹ ከመውረዱ በፊት ለሌሎች ቡድኖች ሁሉ ለ24 ሰዓት የሚቀርብበት አሠራር ነው፤ የጠየቀ ቡድን ያለ ምንም ምትክ ውሉን ተረክቦ ይወስደዋል። ፍሎሪዳ ወሰደው። ካርተር ቨርሄጊን በ2020 ታምፓ፣ ጣሪያው ስለጠበበው፣ መብቱን የሚያስጠብቅለትን ውል ሳያቀርብለት ተወው፤ ፍሎሪዳ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ለሁለት ዓመት አስፈረመው። ሞንቱር በሦስተኛ ዙር ምርጫ (በድራፍቱ ሦስተኛ ዙር ወጣት የመምረጥ መብት) ልውውጥ መጣ። ሳም ቤኔት በካልጋሪ ቦታ ያጣ ተጫዋች ነበር፤ በ2025 የፕሌይኦፉ ምርጥ ተባለ። አራቱም ከ2020 መከር እስከ 2021 ጸደይ ባለው ጊዜ ውስጥ የመጡ ናቸው፤ ታቻክ የመጣው ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለ ተከላካዮች አንድ ዝርዝር እንጨምር፤ ርካሽ ሙሌት የሚሰናከልበት ቦታ ነውና። ስድስቱ ተከላካዮች ሦስቱ ዱላቸውን በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ የሚይዙ ቢሆኑ ይመረጣል። ቀኝ ያዦች ጥቂት ስለሆኑ ዋጋቸው ይወደዳል። ገንዘብ ያለቀበት ቡድን ታዲያ ግራ ያዡን በቀኝ በኩል ያሰልፋል። ምን ይሆናል? በግድግዳው ዙሪያ ተንከባሎ የሚመጣውን ፓክ በዱላው ጀርባ ይቀበላል፤ ለመገልበጥ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ የተጋጣሚው አጥቂ ደርሶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ሽንፈቱ በበረኛው ይሳበባል እንጂ መነሻው ይህ ነው።

«ማንነት ማለት ተጋፊ ተጫዋች ማብዛት ነው»

በ2013 ቶሮንቶ በትክክል ይህን ምክር ተከትሎ ነበር። ዴቪድ ክላርክሰን በ2011-12 ለኒው ጀርሲ 30 ጎል ያገባ፣ የሚጋፋ፣ የሚደባደብ አጥቂ ነው። በ29 ዓመቱ ለ7 ዓመት 36.75 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት። በመጀመሪያው ዘመኑ 5 ጎል አገባ። የተጋፊ አጥቂ ጉልበት ከ30 ዓመት ወዲህ በፍጥነት ይወርዳል፤ 30 ጎል ያገባበት ዓመት ደግሞ የሙያው ጣሪያ እንጂ አማካዩ አልነበረም። በ2015 ለኮሎምበስ ተላለፈ። በ2017 ቬጋስ አዲስ ቡድን ሆኖ ሲገባ ኮሎምበስ ውሉን እንዲረከበው የመጀመሪያ ዙርና የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ፤ ቬጋስም በስምምነቱ መሠረት ከኮሎምበስ ዊሊያም ካርልሰንን መረጠ። ካርልሰን ባለፈው ዘመን 6 ጎል ብቻ የነበረው ሰው ነው፤ በቬጋስ የመጀመሪያ ዓመቱ 43 አገባ። የክላርክሰን ውል ዞሮ ዞሮ በ2019 ቶሮንቶ ተመለሰ። «ጠንካራነት» እንደ ዕቃ ሲገዛ ሂሳቡ የት የት እንደሚደርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

ጸሐፊው ፊላደልፊያ በ1974 እና በ1975 በጡጫ ዋንጫ አነሳች ይላል። የሚረሳው በሁለቱም ዓመታት የፕሌይኦፉ ምርጥ የተባለው በረኛው በርኒ ፓረንት መሆኑን ነው። በ1974 ቦስተንን የጨረሱበት ስድስተኛው ጨዋታ 1 ለ 0 ነው ያለቀው። መሪያቸው ቦቢ ክላርክ ስኳር በሽታ አለበት ተብሎ በድራፍት እስከ 17ኛ የታለፈ ነበር። ይህም ሌላው ያላየውን ማየት ነው።

የግጭት ቁጥርም ያታልላል። ሆኪ ውስጥ መግጨት የሚቻለው ፓኩን የያዘውን ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ የገጨ ቡድን፣ ብዙ ጊዜ ፓኩ በእጁ ያልነበረ ቡድን ነው።

እንግዲያ ማንነት በተግባር ምን ይመስላል? ፕሬሲንግን እንውሰድ። ቡድኑ ፓኩን ከተጋጣሚው ተከላካዮች ጀርባ ይጥላል። አንደኛው አጥቂ በቀጥታ ወደ ፓኩ ይሮጣል፤ ሥራው ማስቀማት አይደለም፣ ተከላካዩን ወደ አንድ ጎን እንዲዞር ማስገደድ ነው። ሁለተኛው ፓኩ የሚላክበትን ግድግዳ ይዘጋል። ሦስተኛው ከፍ ብሎ መሃሉ ላይ ይቆያል። ግድግዳው በተዘጋበት በኩል ያለው የራስ ተከላካይ ወደፊት ወጥቶ መውጫውን ይቆልፋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አራቱም ሰዎች አንዱ የሌላውን ቦታ ሳያዩ ሲያውቁት ነው። ሦስተኛው አጥቂ ጎል አማሮት ወደታች ከወረደ፣ ወደፊት የወጣው ተከላካይ ጀርባ ባዶ ይሆናል፤ አንድ ማቀበል ያልፋቸውና ሁለት ለአንድ ይሆናሉ። ለዚህ አሠራር የሚመረጠው አጥቂ መመዘኛው ክብደቱ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎቹ ፍጥነት፣ በግድግዳ ላይ ፓክ የመያዝ ብቃቱና ቦታውን ያለመተው ልማዱ ነው። አራቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ሲጫወቱ ተከላካዩ ከፊቱ ያለው ማን እንደሆነ ሳያይ ወደፊት መውጣት ይችላል። አንዱ መስመር ካጓደለ በሁሉም ላይ ይጠራጠራል፤ የተጠራጠረ ተከላካይ ደግሞ ዘግይቶ ይወጣል።

ፍሎሪዳ ይህን የወሰነችው ዋንጫ ከማንሳቷ በፊት ነው። በ2021-22 በ122 ነጥብ የመደበኛው ውድድር አንደኛ ነበረች፤ በጎል ብዛትም የሚቀድማት አልነበረም። ከዚያ ታምፓ በሁለተኛው ዙር 4 ለ 0 ጠረጋት፤ በአራቱ ጨዋታዎች ያገባችው 3 ጎል ብቻ ነው። በዚያው ክረምት 115 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) የሠራውን ጆናታን ሁበርዶንና ተከላካዩን ማኬንዚ ዊገርን ከሌላ ወጣትና ከመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር ለካልጋሪ ሰጥታ ታቻክን ወሰደች፤ አሠልጣኝም ቀይራ ፖል ሞሪስን ቀጠረች። በቀጣዩ ዘመን ነጥቧ ወደ 92 ወረደ፤ ለፍጻሜ ግን ደረሰች። በጸሐፊው ሥርዓት ብንሄድ፣ አንደኛ የወጣ ቡድን ማንነቱ አብሮት መጥቷልና የሚነካካ ነገር አልነበረውም።

«ቬጋስ ስጦታ ተሰጥቶት ነው»

በ2017 ቬጋስ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሲገባ ደንቡ ለጋስ እንደነበር አንክድም። ቬጋስ ከየቡድኑ አንድ ተጫዋች ሲመርጥ ሌሎቹ 30 ቡድኖች እንዳይወሰድባቸው መከለል የሚችሉት ወይ 7 አጥቂ፣ 3 ተከላካይና 1 በረኛ፣ ወይ በድምሩ 8 ተጫዋችና 1 በረኛ ነበር። በ2021 ሲያትል በ650 ሚሊዮን ዶላር የገባው ግን በዚያው ደንብ ነው። ቬጋስ በመጀመሪያው ዓመት 109 ነጥብ ሰብስቦ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ሲያትል 60 ነጥብ አገኘ። ስጦታው አንድ፣ ውጤቱ ሁለት።

ልዩነቱ ድርድሩ ላይ ነው። ቬጋስ ቡድኖቹ ማንን ማጣት እንደሚፈሩ አጥንቶ «እሱን አልወስድም፣ ምን ትሰጠኛለህ?» ይል ነበር። ሼይ ቲዎዶር ከአናሃይም፣ አሌክስ ታክ ከሚኒሶታ እንዲህ ነው የመጡት። ፍሎሪዳ ተከላካዮቿን ለመከለል ብላ 30 ጎል ያገባላትን ጆናታን ማርሽሶን ክፍት ተወችው፤ ደመወዙን ለመገላገል ደግሞ ራይሊ ስሚዝን በአራተኛ ዙር ምርጫ ጨመረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት። በ2023 ቬጋስ ዋንጫውን ያነሳው ይህችኑ ፍሎሪዳን አሸንፎ ነው፤ የፕሌይኦፉ ምርጥ የተባለውም ማርሽሶ። ሲያትል ሲመጣ ግን ሥራ አስኪያጆቹ ተምረው ስለነበር ለመደራደር የሚቸኩል አልተገኘም። ቬጋስ በ2017 በመጀመሪያ ዙር የመረጣቸውን ሦስቱንም ወጣቶች ደግሞ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ኒክ ሱዙኪን ለማክስ ፓቾሬቲ፣ ኤሪክ ብራንስትሮምን ለማርክ ስቶን፣ ኮዲ ግላስንም ቆይቶ። ኮከብ ኮትኩቶ የማሳደግ ሥርዓት ይህ ከሆነ እንግዳ ሥርዓት ነው።

«በረኛ ዕድል ነው፣ ገንዘብ አይውጣበት»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ቬጋስ በ2022-23 አምስት በረኞች አሰልፎ ነው ዋንጫ ያነሳው፤ የጨረሰለት አዲን ሂል በአራተኛ ዙር ምርጫ የተገዛ ነበር። ፍሎሪዳ በአንጻሩ ሁለቱን ዋንጫዎች ያነሳችው በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር በሚከፈለው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ ነው፤ እሱም በ2021 ፕሌይኦፍ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ገብተውበት ነበር። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። የማይሠራው በረኛውን ከፊቱ ካለው አሠራር ለይቶ መመዘን ነው። ከመሃል ወደ ጎን ከተላከ በኋላ የሚመታ ፓክ ለማንኛውም በረኛ ከባድ ነው፤ ያንን ማቀበል የሚዘጋ ቡድን መካከለኛ በረኛን ጥሩ ያስመስለዋል። የሌላ ቡድን በረኛ ቁጥሩን ብቻ አይተህ ከገዛህ ተከላካዮቹን አብረህ አለመግዛትህን በኖቬምበር ትረዳለህ።

«ውል ከከፋ ይፈርሳል»

አይፈርስም፣ ይረዝማል። ውል ሲፈርስ ከቀሪው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው (ተጫዋቹ ከ26 ዓመት በታች ከሆነ አንድ ሦስተኛው) በቀሪዎቹ ዓመታት እጥፍ ተከፋፍሎ ይከፈላል፤ ጣሪያው ላይም ይቆጠራል። የፊርማ ጉርሻ ደግሞ አይቀነስም፤ ወኪሎች ገንዘቡን በጉርሻ መልክ የሚያስጽፉት አውቀው ነው። ሚኒሶታ በ2012 ለዛክ ፓሪሴና ለራያን ሱተር ለእያንዳንዳቸው 13 ዓመትና 98 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ በ2021 ሁለቱንም አፈረሰ። በ2023-24 እና በ2024-25 በየዓመቱ 14.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለሌሉ ሰዎች ተያዘበት። ወደ ኤኤችኤል ማውረድም አያድንም፤ በ2025-26 ከጣሪያው የሚቀነሰው 1.15 ሚሊዮን ብቻ ነው፣ የቀረው እንዳለ ይቆጠራል።

«በማርች ትልቅ ስም ግዛ፣ ካልበቃህ ተጎጂ ዝርዝር ተጠቀም»

ቦስተን በ2022-23 65 ጨዋታ አሸንፎ 135 ነጥብ ሰበሰበ፤ ሁለቱም የሊጉ ክብረ ወሰን ናቸው። ዝውውሩ ሊዘጋ ሲል ዲሚትሪ ኦርሎቭን፣ ጋርኔት ሃታወይንና ታይለር በርቱዚን ጨመረ። በመጀመሪያው ዙር 3 ለ 1 እየመራ በፍሎሪዳ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ፓትሪክ ኬንንና ቭላዲሚር ታራሴንኮን አምጥቶ እሱም በመጀመሪያው ዙር ወጣ። አዲስ የመጣ ሰው በ20 ጨዋታ ውስጥ የቡድኑን አሠራር ሳያስብ መሥራት አይደርስም፤ ፓወር ፕሌይ (ተጋጣሚው በቅጣት ሰው ሲጎድለው) ላይ ቦታ ሲሰጠው ደግሞ የለመደው ሰው ይፈናቀላል።

ታምፓ በፌብሩዋሪ 2020 ያደረገው ሌላ ነው። ባለፈው ዘመን 62 ጨዋታ አሸንፎ በመጀመሪያው ዙር በኮሎምበስ 4 ለ 0 ተጠርጓል። ኮከብ አልጎደለውም። ለብሌክ ኮልማንና ለባርክሌይ ጉድሮው ለእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ከፈለ፤ ሰው ሳቀ። የኮልማን ደመወዝ በዓመት 1.8 ሚሊዮን፣ የጉድሮው 925 ሺህ ዶላር ነበር፤ ሁለቱም ሌላ አንድ ዓመት ውል ነበራቸው። ከጉርድ ጋር ሦስተኛው መስመር ሆኑና ቡድኑ በ2020 እና በ2021 ዋንጫ አነሳ። ዋጋው የተከፈለው በምርጫ እንጂ በጣሪያው አይደለም። ጣሪያው በየቀኑ ስለሚሰላ፣ ከዘመኑ መጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ክፍት ይዞ የቆየ ቡድን ሩብ ዘመን ሲቀር የ4 ሚሊዮን ዶላር ተጫዋች ማስገባት ይችላል። በረጅም ጊዜ ተጎጂ ዝርዝር (ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ተጫዋችን ለመተካት ጣሪያውን ማለፍ በሚፈቅደው ደንብ) ጣሪያውን ያለፈ ቡድን ግን ይህ ቁጠባ አይጠራቀምለትም፤ ጽሑፉ ሁለቱን በአንድ ላይ መምከሩ እርስ በርሱ ይጋጫል።

ስለ ተጎጂ ዝርዝሩ የቀረበው ምሳሌ ኩቸሮቭ ነው፤ በ2020-21 መደበኛውን ውድድር ሙሉ በጉዳት አልተጫወተም፣ ፕሌይኦፍ ሲጀመር ተመለሰና በ23 ጨዋታ 32 ነጥብ ሠራ። ያኔ በፕሌይኦፍ ጣሪያ ስላልነበረ የተቻለ ነገር ነው። ከ2025-26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም ለእያንዳንዱ ጨዋታ የሚለብሱት 20 ተጫዋቾች ደመወዝ፣ የፈረሱ ውሎች ተጨምረውበት፣ ከጣሪያው በታች መሆን አለበት። ተመላሹን ኮከብ ለማስገባት ሌላ ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ልብስ ሳይለብስ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በቦታው የሚገባው ደግሞ ያ በርካሽ ይሞላል የተባለው ሰው ነው።